ወሎ ላይ ቅርጻ ቅርጽ መሥራት፦ ከጎታ ጭቃ እስከ ቆራሌው ብረት

ደሴ ውስጥ ቅርጻ ቅርጽ እንደምሠራ የሰሙ ወጣቶች ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። «ዕቃው ከየት ይገኛል?» ነሐስ የለም፣ እብነ በረድ የለም፣ ማቅለጫ የለም። «አዲስ አበባ ካልሄድን አይሆንም ወይ?» ይሉኛል። ይሆናል። ዕቃው እናታችሁ ጓዳ ውስጥ አለ። ሰኞ ገበያ አለ። ጋራዥ በር ላይ ወድቋል።

ከዚህ በታች የምጽፈው ከጭቃ፣ ከሸክላ፣ ከእንጨት፣ ከሲሚንቶና ከብረት ጋር ስታገል ያየሁትን ነው። አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። እኛ አገር ተመልካች ቅርጹን ከመመርመሩ በፊት የተሠራበትን ነገር ይለያል። ጭቃውን ከቤቱ ያውቀዋል። ወይራውን በሽታው ይለየዋል። ማረሻ ያየ ገበሬ ሳያስበው እጁን ይዘረጋል። ስለዚህ ልትናገሩ ካሰባችሁት ግማሹን ቁሱ ይናገርላችኋል። ሐሳብና ቁስ ካልተስማሙ የፈለገ የእጅ ጥበብ ቢኖር ሥራው አንደበት አያወጣም።

ከጎታ ልጀምር፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። የገጠር ቤት ያየ ሁሉ ጎታን ያውቃል። የእህል ማስቀመጫ ነው። በጭቃ፣ በጭድና በእበት ይሠራል፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥም አለ። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ያለ መለኪያ፣ ያለ ንድፍ፣ ውስጡ ብረት ሳያስገቡ ያንን የሚያህል ክፍት ቅርጽ በእጃቸው ያቆማሉ። እነዚህ እናቶች ቀራጺዎች ናቸው። እኔም የተማርኩት ከእነሱ ነው።

ኩታበር አካባቢ አንዲት እናት አሠራሩን አሳዩኝ። የአፈሩ ጠጠር ተለቅሞ ይጣላል። የጤፍ ጭድ ይጨመርበታል። ውሃ ይጠጣና በእግር ይረገጣል። ከዚያ ተሸፍኖ ጥቂት ቀናት ይቦካል። የቦካ ጭቃ ይለጠጣል፣ እጅ ወደወሰደው ይሄዳል። ያልቦካው ይቆራረጣል። ጭዱ ጭቃውን ከውስጥ ስለሚይዘው ሲደርቅ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ግድግዳው ደግሞ በአንድ ቀን አይወጣም። አንድ ዙር ይደረጋል፣ ይጠነክራል፣ ከዚያ ሌላ ዙር ይከተላል። ስቸኩል አይተው «አብሽር ልጄ፣ ይደርሳል። የታችኛው ሳይጠና የላይኛውን ብትጭንበት ይንበረከክብሃል» አሉኝ። መጨረሻ ላይ እበት በቀጭኑ ይለቀለቃል፤ ገጹን ያለሰልሳል፣ ትናንሽ ስንጥቆችንም ይዘጋል።

ከዚህ ትምህርት የወጣው ሥራዬ ስለ 77ቱ ረሃብ ነው። ያ ረሃብ ሲነሳ ዓለም የሚያስታውሰው ጥቅምት 1977 ከቆሬም የወጣውን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን የቀረጸውን ፊልም ነው። ያንን ምስል ደግሜ መሥራት አልፈለግኩም። የተራበ ሰው ሰውነት ቀርጾ ማቆም ክብሩን ይነካል ብዬ አምናለሁ። ባዶ ጎታ ሠራሁ። ፊቱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቄ ከፈትኩት። ውስጡን ለቅልቄ፣ ሳይደርቅ በጣቶቼ ቧጠጥኩት። የመጨረሻዋን ፍሬ የሚፈልግ እጅ የሚተወው ምልክት ነው። ሌላ ምንም የለበትም። ያንን ዘመን ያለፉ አንድ አባት ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩና «ይኼማ የኛ ቤት ነው» አሉ። ከዚያ ስለዚያ ዓመት ነገሩኝ፤ ከቤት የወጡት ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሆነ፣ በሬዎቹ የት እንደቀሩ። እኔ ስለ ሥራው አንድም ቃል አልተናገርኩም። በሲሚንቶ ሠርቼው ቢሆን እኒያ ሰው አያወሩኝም ነበር።

ጭቃ ለዘመኑ ጥበብ አይመጥንም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አዲስ አበባ ያለውን ዞማ ሙዚየም እንዲያይ ንገሩት። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና የሥነ ጥበብ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ያቆሙት ነው። ግድግዳዎቹ የጭቃና የጭድ ሥራ ናቸው፣ ላያቸው ላይም የእጅ ንድፍ ተሠርቶባቸዋል። ጎታ የምትሠራ እናት ብታየው ሁሉም ነገር ይገባታል። የጭቃ ጠላቱ ዝናብ ብቻ ነው። ጣሪያ ሥር አድርጉት።

ሸክላ ሌላ ነው። ጎታ አይተኮስም፤ ሸክላ እሳት ይገባል። አፈሩን ራሴ ቆፍሬ አወጣለሁ ብላችሁ አትድከሙ። የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል ሸክላ ሠሪዎቹ ከእናቶቻቸው ተምረው ያውቃሉ። ገበያ ላይ ፈልጓቸው፣ የተዘጋጀ ጭቃ ግዟቸው፣ ከፈቀዱላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ዋጋ አትከራከሩ። የጀበናውንና የድስቱን ባለሙያ ሰው ለዘመናት ዝቅ አድርጎ ሲያይ፣ «ቡዳ» እያለ ሲሸሽ ኖሯል። በየቤቱ ግን ቡናው የሚፈላው በእነሱ እጅ ሥራ ነው። ከእነሱ ተምሮ «አርቲስት» የሚባል ሰው ቢያንስ ከማን እንደተማረ በአደባባይ ይናገር።

ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ይገባል። የተሰበረ ድስትና ጀበና ተወቅጦ፣ ተነፍቶ ማለት ነው። ለቅርጻ ቅርጽ አራት እጅ ጭቃ ላይ አንድ እጅ ገል ጥሩ መነሻ ነው። ገሉ አንዴ በእሳት ያለፈ ስለሆነ ከእንግዲህ አይኮማተርም። ስንጥቅ ይቀንሳል፣ እርጥበቱም መውጫ ያገኛል። ቅርጹ ውስጡ ባዶ ይሁን፤ ግድግዳው ከሁለት ጣት አይወፍር። ድፍን ጭቃ እሳት ሲያገኘው ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። አጠገቡ ያለውንም ሥራ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ክፍል ስታጋጥሙ ሁለቱንም ገጽ በሹካ ጫር ጫር አድርጉ፣ በቀጭን ጭቃ ቀቡ፣ ከዚያ ተጫኑት። ዝም ብሎ የተለጠፈ ጆሮ ሲደርቅ ይወድቃል።

ማድረቁ ላይ ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም። ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ይገባል። ጭቃው ሳምንታት ተቀምጦም እርጥብ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ሙቀቱ ላዩን ቶሎ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፤ ስንጥቁ የሚመጣው ያኔ ነው። ኮምቦልቻ የምትሠሩ ፌስታል አልብሱትና በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ግለጡት። ደሴ የምትሠሩ ምድጃ የሚነድበት ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፣ እሳቱ ግን ራቅ ይበል። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁን አስነኩት። ከቀዘቀዛችሁ ገና ውሃ አለው። ወደ እሳቱ ስትወስዱት መጀመሪያ ዳር ዳሩን አሙቁት፣ ቀጥሎ በኩበትና በእንጨት ሸፍኑት። አመዱ ውስጥ ይደር። ትኩሱን ቸኩላችሁ ካወጣችሁት የውጭው ብርድ ይሰነጥቀዋል።

በሸክላ ከሠራሁት ሁሉ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሁለቱ ድስቶች ነው። ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ብዙ ቤተሰብ ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም አለ። ሠርግ ሲሆን ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል። ጭፈራው፣ ቡናው፣ ለቅሶው ግን አንድ ነው። ይህንን በመስቀልና በጨረቃ ለማሳየት የሚሞክር ብዙ ነው። እኔ አይመቸኝም። ሁለቱን ምልክት ጎን ለጎን ማቆም መፈክር ይሆናል፤ ሰዎቹ በየቀኑ የሚያደርጉትን ጥንቃቄና መተሳሰብ አያሳይም። ስለዚህ ሁለት ድስት ሠርቼ በአንድ እሳት ላይ ጣድኳቸው። ጉልቻዎቹ አራት ናቸው። መሐል ያሉት ሁለቱ ሁለቱንም ድስት ይሸከማሉ። ከእነሱ አንዱን ብታነሱ ሁለቱም ድስቶች ይወድቃሉ። ሐሳቡ በቃል ሳይጻፍ በክብደቱ ውስጥ እንዲገኝ ነው የፈለግኩት። ማኅበራዊ ነገር ለመሥራት ስታስቡ ይህን ሞክሩት። ምን ምልክት ልስቀል ከማለት በፊት ምን ምኑን ይሸከማል ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የሃይማኖትን ነገር በግልጽ ላንሳ፣ ብዙ ጀማሪ ይፈራዋልና። እስላሙ ነፍስ ያለውን ነገር መቅረጽ ላይ ጥብቅ አስተያየት አለው። ኦርቶዶክሱም ለሥዕል እንጂ ለቆመ ሐውልት ልማድ የለውም ማለት ይቻላል። «ይኼ ጣዖት አይሆንም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ያጋጥማችኋል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፣ በአክብሮት መልሱት። ለአምልኮ እንዳልሆነ አስረዱ። የሰፈር አደባባይ ላይ አንድ ነገር ከማቆማችሁ በፊት ሼሁንም ቄሱንም አማክሩ። እኔ ሳማክር ሥራው ተከልክሎብኝ አያውቅም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ጨምረውልኝ ነው የተመለስኩት። ደግሞስ የሰው መልክ ሳይቀረጽ ስለ ሰው ስንት ነገር መናገር ይቻላል። ቀንበር፣ ስኒ፣ ጫማ፣ ከዘራ፣ የተጠቀለለ ሰሌን፣ ሁሉም ባለቤት አላቸው።

የቆየ የቅርጽ ሥራ የለንም የሚለውንም አልቀበልም። ሰሜን ወሎ ሄዳችሁ ላሊበላን በቀራጺ ዓይን እዩት። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በዩኔስኮ ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ የተፈለፈሉት ግን ከ800 ዓመት በፊት ነው። ጎብኚ ስፋትና ቁመታቸውን ያደንቃል። እናንተ አሠራሩን ተከተሉ። ከላይ ወደ ታች ነው የተወረደው፤ የተነሳ ድንጋይ ተመልሶ አይለጠፍም። ጣሪያውን የሚፈለፍል ሰው ወለሉ የት እንደሚሆን አስቀድሞ ማየት ነበረበት። ቤተ ማርያም ፊት ለፊት ላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል። ቤተ ጎልጎታ ውስጥ ደግሞ የሰው ቁመት ያላቸው ቅዱሳን ከግድግዳው ወጣ ብለው ቆመዋል። ከግድግዳ ያልተላቀቀ ቅርጽ ለእኛ አካባቢ በጣም ይስማማል ብዬ አስባለሁ። በሥዕልና በሐውልት መካከል ነው። ታሪክ በቅደም ተከተል ለመናገርም ይመቻል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያውን በነሐስ የሚተርከው በዚሁ መንገድ ነው።

ድንጋይ ለመጥረብ ከፈለጋችሁ በጥቁር ድንጋይ አትጀምሩ፤ መሮውን ይበላዋል፣ ተስፋ ያስቆርጣል። ለስላሳ ድንጋይ ፈልጉ። የዓይን መነጽርና ማስክ አድርጉ። የድንጋይ አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም።

እንጨት ላይ ብዙ አልቆይም፣ አናጢ የሌለበት ሰፈር የለምና ከእሱ ትማራላችሁ። ለመጀመሪያ ሥራ ዋንዛ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ መሮ ይታዘዛል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል። ለቅርጽ ብላችሁ የቆመ አገር በቀል ዛፍ አታስቆርጡ፣ እለምናችኋለሁ። የፈረሰ ቤት ምሰሶ፣ አሮጌ ቀንበር፣ የተሰነጠቀ ሙቀጫ ፈልጉ። ደርቋል፣ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ዕድሜውም ላዩ ላይ አለ። እርጥብ ግንድ ከገጠማችሁ ለሁለት ሰንጥቁት፣ ጫፍና ጫፉን በሰም ወይም በቀለም ድፈኑት። እንጨት ውሃውን ቶሎ የሚያጣው በጫፉ ነው፣ ስንጥቁም ከዚያ ይነሳል። የያዘው እጃችሁ ምንጊዜም ከመሮው ስለት ኋላ ይሁን።

ሲሚንቶና ጄሶ የከተማ ቁሶች ናቸው። ጄሶ ስታዘጋጁ ዱቄቱን ውሃው ላይ በተኑት እንጂ ውሃውን ዱቄቱ ላይ አታፍስሱ። ከውሃው በላይ ደሴት እየሆነ ብቅ ሲል በቅቷል። ጥቂት አሳርፉት፣ በዝግታ አማስሉት፣ ወዲያው ተጠቀሙበት። ሲጠነክር ስለሚግል የሰው እጅ ወይም ፊት በቀጥታ ውስጡ አትንከሩ፤ ያቃጥላል። ዕቃውን ስታጥቡም ቧንቧው ላይ አትድፉ፣ ይደፈናል። ደጅ ለሚቀመጥ ሥራ ጄሶ አይሆንም።

ለጀማሪ ከሁሉ ቀላሉ አሸዋ ላይ መቅረጽ ነው። አነስተኛ የእንጨት ሣጥን ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሙሉ። በእጃችሁ ስትጨብጡት ከያዘ ይበቃዋል። የምትፈልጉትን ነገር ተጭናችሁ አንሱ። ጉድጓዱ ላይ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ለውሳችሁ በማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። መሐሉ ላይ የወንፊት ሽቦ አስገቡ። እርጥብ ጆንያ አልብሱትና ለሳምንት እንዳይደርቅ ውሃ አርከፍክፉበት። ጓንት አድርጉ፣ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል።

የስደቱን ሥራ የሠራሁት በዚህ ዘዴ ነው። ወሎ ውስጥ ዓረብ አገር ሰው የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። በባቲ በኩል ወደ አፋር ወርዶ፣ ጂቡቲ ደርሶ፣ ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ የሚገባ አለ። መንገድ ላይ የቀረም አለ። ከየቤተሰቡ የሄዱ ልጆች ትተውት የሄዱትን ጫማ ለመንኩ። ጫማውን አሸዋው ላይ ተጭኜ ለባለቤቶቹ መለስኩ፤ ለእኔ አሻራው በቃኝ። ሲሚንቶው ሲገለበጥ ጫማዎቹ ከሰሌዳው ወጣ ብለው ታዩ። ሰሌዳዎቹን መሬት ላይ በተርታ ዘረጋኋቸው። ሁሉም ወደ ምሥራቅ ያቀናሉ። አንዲት እናት ከመሐል የልጃቸውን ሸበጥ ለዩት። ልጃቸው ደኅና ናት፣ ገንዘብ ትልካለች። ግን እዚያው አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሰው ሲመጣም «ይቺ የኔ ናት» እያሉ ያሳዩ ነበር። ሰው ስላመነባችሁ የሰጣችሁን ነገር እንዲህ ነው መያዝ ያለባችሁ። አትውሰዱበት፣ አትሽጡበት፣ ስሙን ሳታስፈቅዱት አትጻፉ።

ወደ ብረት ልምጣ። ቆራሌው የሚሰበስበው ሁሉ ለእኛ ቁስ ነው። ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ካንዴላ፣ የተቀደደ ላሜራ። ብየዳ ካልቻላችሁ በያጅ አብራችሁ አሠሩ። ቅርጹን በትክክለኛ መጠኑ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሣሉለት። በቃል ከማስረዳት ይልቅ ይህ ጊዜም ገንዘብም ይቆጥባል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሳይፋቅ አይበየድ፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ ማታ ያንዘፈዝፋል። ነዳጅ የነበረበት ሳልባትዮ ባዶ ቢመስልም በእሳት አትንኩት። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ ቀለህና የመሣሪያ ስብርባሪ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ያልፈነዳውን ከፈነዳው በዓይን መለየት አይቻልም። አትቀበሏቸው፣ ያዩበትንም ቦታ ለፖሊስ እንዲያሳውቁ ንገሯቸው። ስለዚያ ጊዜ ለመሥራት ጥይት አያስፈልግም። የተበሳ የቆርቆሮ በር፣ የተዘረፈ ሱቅ መደርደሪያ በየሰፈሩ አለ።

ከብረት ሥራዎቼ የምወደው ሞፈር ላይ የገጠምኩት የባጃጅ መሪ ነው። መሬት ያልደረሰው የገበሬ ልጅ፣ በሬዎቹ ተሸጠው ባጃጅ የተገዛለት፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ልጅ ነው። ሞፈሩን ከአምባሰል ገበሬ ገዛሁት፤ የእጅ ላብ አለስልሶታል። መሪውን ከጋራዥ አገኘሁት፤ እሱንም ላብ አለስልሶታል። ሁለቱን በብሎን ነው ያሰርኳቸው፣ አልበየድኩም። ልጁ ተመልሶ ማረስ ቢፈልግ ይፈታል ብዬ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያዩት መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ መሪውን ይጨብጣሉ። እንዲነኩት እፈቅዳለሁ። ለእነሱ የተሠራ ነውና።

ማሳያ አዳራሽ አትጠብቁ። ትምህርት ቤት ግቢ፣ የወጣት ማዕከል፣ ቡና ቤት በረንዳ ይበቃል። አጠገቡ ቁሙና ሰው ሲያወራ ስሙ። ማብራሪያ ቀድማችሁ አትለጥፉ፤ ያነበበ ሰው ማየት ያቆማል። ፎቶውን ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ አንሱት፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ቅርጹ ይወጣል።

ጭቃና ሸክላ ለመጀመር ያሰባችሁ ክረምቱን አሳልፉት። እስከዚያ በአሮጌ እንጨትና በአሸዋ ላይ እጃችሁን አፍታቱ። ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ይጠራል። ኅዳርና ታኅሣሥ እህሉ ሲወቃ አዲስ ጭድ በየአውድማው ይገኛል። ሰኞ ገበያ ማልዳችሁ ውጡ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ሳይጨርሱ ትደርሱባቸዋላችሁ።